ኤም35ኤ2 ከአራት ዓመት በኋላ፦ ሞተሯን ሁሉም ያወራል፣ ፍሬኗን ማንም አያነሳም

ይሄን ሪቪው ልጻፍ ብዬ ስንቴ ተቀምጫለሁ መሰላችሁ፣ ግማሽ ገጽ ሳልደርስ መኪናዋ አንድ ነገር ትፈልጋለች፣ ወይ ዘይት ታንጠባጥባለች ወይ ባትሪ ትጨርሳለች፣ ያው ተነስቼ እሄዳለሁ በዛው ይቀራል። ዛሬ ግን እጄን ወለም ብሎኝ ቁልፍ መያዝ ስላልቻልኩ ቁጭ ብዬ ልጨርሰው። አራት ዓመት አብረን ቆይተናል። እንዲህ ዓይነት ዕቃ በአንድ ወር አይቶ አስተያየት የሚሰጥ ሰው ካያችሁ አትመኑት፣ በአንድ ወር እኮ የኔዋ ገና ብሎኗ አልላላም ነበር።

መኪናዋ ኤም35ኤ2 ነች፣ የአሜሪካ ጦር ለስንት ዓመት ሲጭንባት የኖረችው፣ ስድስቱም እግሯ የሚነዳ ካሚዮን። በእንግሊዝኛ "ዲውስ ኤንድ ኤ ሃፍ" ይሏታል፣ ሁለት ተኩል ቶን ለማለት ነው። ስሟ ግን ይሸውዳል፣ ሁለት ተኩሉ ከመንገድ ወጥታ በጭቃና በድንጋይ ስትሄድ የተፈቀደላት ጭነት ነው፣ ደህና መንገድ ላይ የዚህን እጥፍ ትሸከማለች። ዘሯን የነደፈው ሪኦ የሚባለው ኩባንያ ነው፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ሥራ ጀመሩ፣ የመጀመሪያዎቹ ቤንዚን ነበሩ፣ ቀጥሎ ኤ1 እና ኤ2 ላይ ማልቲፊውል የሚባለው ሞተር ገባ፣ በ1990ዎቹ ደግሞ የተወሰኑትን ካተርፒላር ሞተርና አውቶማቲክ ካምቢዮ ገጥመውላቸው ኤ3 አሏቸው። ለጀማሪ ኤ2 ናት የምትሻለው ይባላል፣ እኔም እስማማለሁ፣ ምክንያቱን እየሄድን ታዩታላችሁ።

በሞተሩ ልጀምር፣ ካልጀመርኩ ማንም አያነበኝም። ስድስት ሲሊንደር፣ 7.8 ሊትር፣ ተርቦ ያለው፣ ወደ 130 ፈረስ ጉልበት። ለዚህ ሁሉ ብረት 130 ትንሽ ነው፣ አዎ ትንሽ ነው። ግን የዚህ ሞተር ዝናው በጉልበቱ አይደለም፣ በሚጠጣው ነው። ናፍጣ፣ የጄት ነዳጅ፣ ላምባ፣ ሲቸግር ደግሞ ቤንዚን። እንዴት ቢባል፣ ዘዴው "ማን" (MAN) ከሚባለው የጀርመን ኩባንያ የመጣ ነው፣ ነዳጁ እንደሌላው የናፍጣ ሞተር አየሩ ውስጥ ተበትኖ አይቀጣጠልም፣ ፒስተኑ አናት ላይ ኳስ የሚያክል ክብ ጉድጓድ አለ፣ አብዛኛው ነዳጅ የዛ ጉድጓድ ግድግዳ ላይ ይለጠፍና በሙቀቱ እየተነነ ቀስ እያለ ይነዳል፣ መጭመቂያው ደግሞ 22 ለ 1 ስለሆነ ያገኘውን ሁሉ ያቀጣጥላል። ፓምፑ ላይም የነዳጁን ውፍረት እያየ መጠኑን የሚያስተካክል አንድ መሣሪያ አለ፣ ሲያረጅ ያፈሳል፣ ብዙ ሰው ናፍጣ ብቻ ስለሚጠቀም ዘግቶ ያልፈዋል፣ እኔም ዘግቼዋለሁ፣ ጭንቀት ቀነሰልኝ።

አነሳሷን ያላየ ሰው ቢያይ ይስቃል። ቁልፍ የሚባል ነገር የላትም። ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ማብሪያ ትጠመዝዛለህ፣ ወዲያው አንድ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ይጀምራል፣ ፍሬኑን የሚያግዘው የአየር ግፊት የለም ማለቷ ነው፣ ከዛ ማስነሻውን ትጫናለህ፣ ሞተሪኖው ትንሽ ያጉረመርማል ትነሳለች፣ ጩኸቱ ግን አየሩ ወደ 60 ፒኤስአይ እስኪደርስ አይቆምም። ለማጥፋት ደግሞ ማብሪያውን መመለስ ዋጋ የለውም፣ ነዳጁን የሚዘጋውን እጀታ ስበህ ነው የምትገድላት። የመጀመሪያ ቀን ይሄን ሳላውቅ ማብሪያውን አጥፍቼ ወርጄ ቆሜ አየኋት፣ እሷም ቆማ ታየኛለች፣ ሞተሩ ይሠራል። ተርቦው ደግሞ ሁለት ዓይነት አለ፣ አንዱ ያፏጫል አንዱ አያፏጭም፣ የኔዋ የምታፏጨው ናት፣ ነዳጅ ስረግጥ ፉጨቷ ከሩቅ ይሰማል፣ ለዛ ድምፅ ብቻ ሁለት ኮከብ ጨምሬላታለሁ፣ አድሏዊ ነኝ ካላችሁ አዎ ነኝ።

መጥፎ ጎኑስ፣ በደቂቃ ከ2600 ዙር በላይ አታስጩኋት። ቁልቁለት ላይ በዝቅተኛ ማርሽ እየጎተተች ዙሩ ካለፈ የቢየላ ዘንግ ብሎኩን በስቶ ይወጣል፣ ይሄ ወሬ አይደለም፣ በዚህ የሞቱ ሞተሮች ብዙ ናቸው። ሁለተኛው፣ "ሁሉን ትጠጣለች" ሲባል ሰምቶ የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚሞላባት ሰው አለ፣ እኔም ሞክሬያለሁ፣ አጣርቼ ነው ናፍጣ ላይ የቀላቀልኩት፣ ሁለት ሳምንት ደስ አለኝ፣ በሦስተኛው ፊልትሮቹ ተደፍነው መሃል መንገድ ቆመች። ትጠጣለች፣ አዎ። ፊልትሮው ግን አይጠጣም።

በቃ ስለ ሞተሩ ይሄ ይበቃል፣ ማንም ይነግራችኋል። እኔ ልጽፍ የተነሳሁት ስለ ፍሬኑ ነው።

ስገዛት ለብዙ ዓመት ሜዳ ላይ የቆመች ነበረች። ሞተሯ በሁለተኛው ቀን ተነሳ፣ እና እኔ ሞኙ ምን አደረግኩ፣ ተነሳች እኮ ብዬ በቀጥታ ወደ ቀለም። ሦስት ወር ሙሉ ዝገት ፋቅሁ፣ ስቱኮ ለጠፍኩ፣ ሻንሲውንም ቸርኬዎቹንም ሳይቀር በወይራ አረንጓዴ አጠጣኋት። አንድ በዕድሜ የሚበልጡኝ መካኒክ፣ ጋሼ ነው የምላቸው፣ መጥተው አይተው "ቆንጆ ነች" አሉና ከዛ ጎንበስ ብለው ከስሯ አዩ፣ "አንተ ልጅ፣ የፍሬን ቱቦዋን ቀባኸው እንጂ አየኸው?" አሉኝ። እኔ የመሰለኝ ሙያዬን ሲያደንቁ ነበር።

ቀለሙ ካለቀ በሁለተኛው ሳምንት ከጋራዡ አውጥቼ ግቢ ውስጥ እያዞርኩ ፍሬን ስረግጥ እግሬ ወለሉ ጋ ደረሰ። ምንም የለም። ደግሜ ረገጥኩ፣ ምንም። ፍጥነቷ የሰው እርምጃ ነበር፣ ግን ስድስት ቶን የሚጠጋ ብረት በሰው እርምጃም ቢሆን ሲሄድ አይለመንም። የእጅ ፍሬን ሳብኩ፣ እሱም ለስሙ ነው የያዘው፣ በመጨረሻ የአፈር ክምር ላይ ወጥታ ቆመች። ወርጄ ሳይ ኋላ ዲፈረንሻሉ ላይ የምታልፈው ቀጭን የብረት ቱቦ፣ ያቺ ራሴ በእጄ አረንጓዴ የቀባኋት፣ ከስር በዝገት ተበልታ ተሰንጥቃለች። የፈሰሰው የፍሬን ዘይት ደግሞ የቸርኬውን ቀለም እንደ ብርቱካን ልጣጭ እያነሳው ነበር፣ የሦስት ወር ሥራዬን በአንድ ሌሊት።

አሁን በደንብ ስሙኝ፣ ምክንያቱም ይሄን መኪና ካላቸው ሰዎች እንኳ ብዙዎቹ አያውቁትም። አየር ስላለው "የአየር ፍሬን ነው" ይባላል። አይደለም። የአየር ፍሬን ባለው ትልቅ መኪና አየሩ ካለቀ ስፕሪንጉ ራሱ ይይዛል፣ መኪናው ይቆማል እንጂ አይሄድም። ኤም35ኤ2 ላይ እንደዛ የለም። ስትረግጠው ከወለሉ በታች ያለው ማስተር ሲሊንደር ዘይቱን ይገፋል፣ ዘይቱ ኤር ፓክ የሚሉት ነገር ጋ ይደርሳል፣ እሱ በአየር ጉልበት ግፊቱን ያበዛውና ወደ ስድስቱም እግር ይልካል። አየሩ አጋዥ ነው እንጂ ያዡ ዘይቱ ነው። አየር ቢጠፋ መርገጫው ድንጋይ ይሆናል ግን በሁለት እግር ቆመህበት ትይዛለች። ዘይቱ ከጠፋ ግን የፈለገ አየር ቢኖር ባዶ ነው። እና ትልቁ ጉድ እዚህ ጋ ነው፣ ለስድስቱም እግር መስመሩ አንድ ብቻ ነው! አንድ ቱቦ፣ አንዷ ጎሚኒ፣ አንዷ የዊል ሲሊንደር ላስቲክ ከሄደች ስድስቱም አብረው ይሄዳሉ። ያ ጆሮ የሚበሳው ማስጠንቀቂያ ደግሞ የሚያውቀው አየሩን ብቻ ነው፣ ዘይቱ መሬት ላይ ፈስሶ እንኳ እሱ ጸጥ ብሎ ይቀመጣል። የእጅ ፍሬኑም እግሮቹ ላይ አይደለም ያለው፣ ከካምቢዮው ቀጥሎ ካለው ጉልበት አከፋፋይ ኋላ፣ የሚዞረው ዘንግ ላይ ነው፣ የቆመች መኪና ለመያዝ እንጂ የምትሄድ መኪና ለማቆም አልተሠራም።

ስለዚህ ሁሉንም ፈታሁ። እና እዚህ ጋ ነው ይቺ መኪና ትዕግሥትህን የምትለካው።

መጀመሪያ የጎማው ዳዶ። በቀኝ በኩል ያለው እንደማንኛውም ዳዶ ተፈታ፣ በግራ በኩል ያለው እምቢ አለ። ቁልፉ ላይ ረጅም ቧንቧ አስገባሁ፣ ጓደኛዬን ጠራሁት፣ ሁለታችን ተንጠለጠልንበት፣ ጧ! አለና ብሎኑ ተቆረጠ። ዝገት ነው ብለን ሁለተኛውንም ቆረጥን። ሦስተኛው ላይ ጓደኛዬ በብሩሽ ጠረግ ሲያደርገው ጫፉ ላይ "ኤል" የሚል ፊደል ተመትቶበታል። የግራው በኩል ጥርሱ ተገላቢጦሽ ነው፣ ወደ ቀኝ ነው የሚፈታው። እስካሁን ሰው ፊት ሲያነሳው ሼም ይይዘኛል፣ የጥገና መጽሐፏ ላይ ተጽፏል እኮ።

ጎማው ወረደ ማለት ታምቡሩ፣ የፍሬን ሸራው ከውስጥ የሚይዘው ክብ ብረት፣ ወረደ ማለት አይደለም። ታምቡሩ ከሞዞው (ጎማው ከሚታሰርበት የመሃል ብረት) ጋር ከውስጥ በኩል ነው የታሰረው፣ ስለዚህ መጀመሪያ አክስሉን ትስባለህ፣ ከዛ የውጩን ትልቅ ዳዶ በራሱ ልዩ ሶኬት፣ ከዛ መቆለፊያውን ሰሌዳ፣ ከዛ የውስጡን ዳዶ፣ ከዛ ኩሽኔታውን፣ ከዛ ነው ሞዞውና ታምቡሩ አንድ ላይ የሚወጡት፣ ክብደቱ ደግሞ ብቻህን የምታነሳው ነገር አይደለም፣ እኔ ቸርኬ ማንሻ እስክሠራ ድረስ ወገቤ አልቆ ነበር። ይሄን ስድስት ጊዜ። ግን አንዴ ከገባህ አይቀር ፓራኦሊዮውንም (ዘይት እንዳያልፍ የሚይዘውን ላስቲክ)፣ ኩሽኔታውንም፣ ግራሶውንም አብረህ ቀይር፣ ከስድስቱ በአራቱ የዲፈረንሻል ዘይት ፓራኦሊዮውን አልፎ የፍሬን ሸራውን አርሶት ነበር፣ ዘይት የጠጣ ሸራ ደግሞ ታጥቦ አይድንም፣ ይጣላል። እና እባካችሁ የድሮ ሸራ አቧራ በኮምፕሬሰር አትንፉት፣ የዛን ዘመን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፣ በእርጥብ ጨርቅ ነው የሚጠረገው።

መለዋወጫ ማግኘቱ ላይ ይቺ መኪና ሙሉ ውጤት ታገኛለች። በብዛት ስለተሠራች ዕቃዋ አይጠፋም፣ እያንዳንዷ ቁራጭ ደግሞ ባለ 13 አሃዝ የጦር ሠራዊት ዕቃ ቁጥር አላት፣ ኤንኤስኤን ይባላል፣ የመጀመሪያዎቹ አራት አሃዞች ዓይነቱን ይነግሩሃል፣ ለምሳሌ 2530 ካየህ የፍሬን፣ የመሪ ወይም የአክስል ነገር ነው፣ 2910 ካየህ የነዳጅ መስመር ነው። ቁጥሩን ካወቅህ ከማን እንደምትገዛ አያሳስብህም፣ ስዕሉን አይተህ "ይሄ ይመስላል" ብለህ የምትገምተው ነገር የለም። የጥገና መጻሕፍቶቿም፣ ቲኤም 9-2320-361 የሚለውን ቁጥር ፈልጉ፣ የመንግሥት ሕትመት ስለሆኑ በነፃ ይገኛሉ፣ እና ምን ልበላችሁ፣ ሞተር ነክቶ የማያውቅ የ19 ዓመት ወታደር እንዲገባው ተብሎ የተጻፈ ስለሆነ ስዕሉ፣ ቅደም ተከተሉ፣ የብሎኑ ማጥበቂያ ልክ ሁሉ አለ። እንደዚህ የተጻፈ መጽሐፍ ለራሴ የቤት መኪና አላገኘሁም።

ግን አንድ ወጥመድ አለ እና እኔ ወድቄበታለሁ። ከመጋዘን የወጣ፣ ያልተነካ፣ ኦሪጅናል ማሸጊያው ውስጥ ያለ ማስተር ሲሊንደር አገኘሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ገዛሁ (ሻጩን አልጠራም፣ በኋላ መልሶልኛል)። ገጠምኩት፣ በሦስተኛው ቀን ማንጠባጠብ ጀመረ። ስፈታው ብረቱ እንደ መስታወት ያበራል፣ ውስጡ ያለው ላስቲክ ግን ደርቆ ጣቴ ላይ ተሰበረ። ማሸጊያው ላይ ለካ የታሸገበት ቀን ተጽፏል፣ ከኔ ዕድሜ ይበልጣል። ላስቲክ መጋዘን ውስጥም ያረጃል። አሁን የማደርገው፣ የድሮውን ብረት ከወደድኩት እገዛለሁ፣ ግን ውስጡን ፈትቼ ላስቲኩን በአዲስ ጥገና ኪት ሳልቀይር አልገጥምም። የብረት ቱቦዎቹንም በሙሉ ከኒኬልና መዳብ በተቀላቀለው ቀየርኳቸው፣ እሱ አይዝግም፣ በእጅ ይታጠፋል፣ ለአማተር ሰው የተሠራ ነው የሚመስለው።

የፍሬን ዘይቱ ራሱን የቻለ ወሬ ነው። የአሜሪካ ጦር በ1980ዎቹ ወደ ሲሊኮን ዘይት ዞሯል፣ ዶት 5 የሚባለው። ተራው ዶት 3 ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል፣ ቆሞ ለሚውል መኪና ይሄ መርዝ ነው፣ ከውስጥ ያዝገዋል። ቀለምም ይበላል፣ እኔ እንዳየሁት። ሲሊኮን ሁለቱንም አያደርግም። ግን ከዶት 3 ጋር አይዋሃድም፣ ስለዚህ ሲስተሙን በሙሉ ሳያጥቡ ላዩ ላይ መጨመር የለም። ሲቀዳም ቀስ ተብሎ ነው፣ ጠርሙሱን ካንቀጠቀጥከው አየር ይይዝና መርገጫው እንደ ስፖንጅ ይሆናል፣ እኔ ቸኩዬ ሁለት ቀን አየር ሳወጣ ከረምኩ። እና ዶት 5.1 ተብሎ የሚሸጠው ሌላ ነው፣ ቁጥሩ ቢቀራረብም ዘሩ የዶት 3 ነው፣ ሲሊኮን አይደለም፣ እዚህ ላይ ተሳስቶ ቀላቅሎ ላስቲኩን ሁሉ የጣለ ሰው አውቃለሁ።

በመጨረሻ ያደረግኩት መስመሩን ለሁለት መክፈል ነው። ባለ ሁለት ክፍል ማስተር ሲሊንደር ገጥሜ የፊቱን ለብቻ፣ የኋላ አራቱን ለብቻ። አንዱ ቢሄድ አንዱ ይቀራል። "ኦሪጅናልነቷን አበላሸሃት" ያሉኝ ሰዎች አሉ፣ በተለይ ለኤግዚቢሽን የሚያዘጋጁ፣ እነሱ ብሎኑ ላይ ያለውን የፋብሪካ ምልክት ሳይቀር ይቆጥራሉ። መብታቸው ነው፣ የነሱ መኪና በጭነት መኪና ላይ ተጭና ሄዳ በጭነት መኪና ላይ ተጭና ትመለሳለች። የኔዋ በራሷ እግር መንገድ ላይ ትወጣለች፣ ከፊቴ ሕፃን የጫነ መኪና ይቆማል። እዚህ ጉዳይ ላይ ክርክር ውስጥ አልገባም።

ቸርኬዎቹን ቶሎ ልለፋቸው፣ ግን አደገኞች ናቸው። ጎማው 9.00-20 ነው፣ ውስጡ ከመነዳሪ አለው፣ አሥር ጎማ እንዳላት አትርሱ፣ ኋላ ድርብ ነው። ቸርኬው አንድ ወጥ አይደለም፣ ጎማውን የሚይዘው በብረት ቀለበት ነው፣ ያ ቀለበት በደንብ ሳይቀመጥ አየር ከተሞላ ተፈናጥሮ ሰው ይገድላል፣ ገድሏልም። መጀመሪያ የቫልቩን ልብ አውጥታችሁ አየሩን በሙሉ አስወጡ፣ ስትሞሉ የብረት ሳጥን ውስጥ አስገብታችሁ፣ በረጅም ቱቦ፣ ከጎን ቆማችሁ። አየር ያለው ቀለበት ላይ መዶሻ የሚያሳርፍ ሰው ካያችሁ ከአካባቢው ጥፉ። እኔ ይሄን ራሴ አልሠራም፣ ሳጥኑ ላላቸው ሰዎች ነው የምሰጠው።

ኤሌክትሪኩ ያስፈራል ግን ከጠበቅኩት በላይ ቀላል ሆነልኝ። 24 ቮልት ነው፣ ሁለት ባለ 12 ባትሪ ተያይዘው። እያንዳንዱ ሽቦ ጫፉ ላይ ቁጥር የተመታበት ትንሽ የቆርቆሮ ቀለበት አለው፣ መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥርና ይሄ አንድ ነው፣ ሽቦ መከተል እንዲህ ቀሎኝ አያውቅም። መሰኪያዎቹም ውኃ የማያስገቡ ወፍራም ላስቲክ ናቸው። አታድርጉ የምለው አንድ ነገር፣ ከሁለቱ ባትሪ ከአንዱ ብቻ 12 ቮልት ስባችሁ ሬዲዮ ወይ ስልክ ቻርጅ አታድርጉ፣ አንዱ ይራባል አንዱ ይጠግባል፣ ሁለቱም ይሞታሉ፣ መቀነሻ ግዙለት። የመብራት ማብሪያው ሦስት ምላስ ያለው ነው፣ አንዱ መቆለፊያ ነው፣ እሱን ሳታነሳ ሌላው አይዞርም፣ ይሄም ወታደሩ በጨለማ ተሳስቶ ትልቁን መብራት እንዳያበራና እንዳይታይ ነው። በጨለማ ለመሄጃ ድብቅ መብራት የሚባሉ አሉ፣ ከኋላ የሚከተለው ሾፌር ርቀቱን ከመብራቶቹ ነው የሚያውቀው፣ ሲቀርብ አንድ የነበረው ተከፋፍሎ ይታየዋል። ከጓደኞቼ ጋር በማታ ሜዳ ላይ ሞክረነዋል፣ በእውነት ይሠራል፣ እንደ ሕፃን ነው የተደሰትነው።

ቀለሙን በሁለተኛው ዙር በመጨረሻ ቀባሁት። ስለ ቀለም አንድ ነገር ብቻ፣ በ1980ዎቹ ጦሩ የኬሚካል ጦር መሣሪያ መርዝ የማይጠጣ ካርክ የሚባል ቀለም መጠቀም ጀመረ፣ እሱ ሲረጭ የሚያወጣው አይሶሳያኔት ሳንባ ያበላሻል፣ ከስሩ ያለው የድሮ ቀለም ደግሞ እርሳስ ሊኖረው ይችላል፣ ስለዚህ በደረቁ በግራይንደርና በብርጭቆ ወረቀት እያቦነናችሁ አትፋቁ። እኔ በመጀመሪያው ሦስት ወር በጨርቅ አፌን አስሬ ነበር የምሠራው፣ ጨርቅ ምንም አይሠራም፣ ትክክለኛውን ማስክ ግዙ።

መንዳቱስ? መሪዋ ኃይል የለውም፣ ቆማ ለማዞር ትከሻ ይጠይቃል፣ ስትንቀሳቀስ ይሻላል። ከፍተኛ ፍጥነቷ 90 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገደማ ነው፣ እኔ ከ75 አላልፍም። ጫጫታው ከባድ ነው፣ የጆሮ መድፈኛ አደርጋለሁ፣ አጠገቤ የሚቀመጠው ሰው የሚያወራኝን በከንፈሩ ነው የማነበው። ባሌስትራው ለጭነት ስለተሠራ ባዶዋን ስትሄድ ታንጰረጵራለች። እና ቦታ ትወስዳለች፣ ይሄን ሰው አያስብበትም፣ የምታቆምበት ብቻ ሳይሆን ዙሪያዋን ታምቡር ይዘህ የምትዞርበት ቦታ ያስፈልጋል።

ከሌሎቹ ጋር ለማወዳደር ያህል፣ የሁለተኛው ዓለም ጦርነቷ ጂኤምሲ ሲሲኬደብሊው ታሪኳ ይበልጣል፣ ከ560,000 በላይ ተሠርታለች፣ ግን ቤንዚን ናት፣ ኤሌክትሪኳ 6 ቮልት ነው፣ መብራቷ ሻማ ነው። ዩኒሞግ 404 ከመሬት ባላት ከፍታ የምትገርም ናት፣ 2.2 ሊትር ቤንዚን ሞተሯ ግን ቁልቁለት ሲሆን ብቻ ነው የሚቸኩለው። ዚል 157 የጎማውን ንፋስ ከጋቢና ውስጥ ሆነህ የምትሞላና የምትቀንስ መሆኗ ያስቀናኛል፣ ያንን ኤም35 ላይ ብገጥመው ብዬ አስቤ ሚስቴ ፊት ሳላነሳው ትቼዋለሁ።

ኮከብ ስጥ ካላችሁ፣ ለሞተሩ አምስት፣ ለመለዋወጫና ለመጽሐፉ አምስት፣ ለመሪውና ለጫጫታው ሁለት፣ ፋብሪካ ለሠራው ፍሬን አንድ፣ ያውም ስለተከበረች ነው። አሁን ባለበት ሁኔታ፣ መስመሩ ለሁለት ተከፍሎ፣ ሲሊኮን ገብቶ፣ ሸራው አዲስ ሆኖ፣ አራት እሰጠዋለሁ። ልትገዙ ስትሄዱ ሻጩ ሞተሩን አስነስቶ ፉጨቷን ሲያሰማችሁ አንገታችሁን እየነቀነቃችሁ አዳምጡት፣ ከዛ የእጅ ባትሪ ይዛችሁ ከስር ግቡ፣ ኋላ ዲፈረንሻሉ ላይ ያለችውን ቱቦ በጥፍራችሁ ፋቁት፣ የስድስቱንም እግር የውስጥ ፊት እዩ፣ እርጥብ ካለ ይሄ ሁሉ ሥራ ይጠብቃችኋል ማለት ነው። ይጠብቃችኋልና አትግዙ አላልኩም፣ አውቃችሁ ግዙ ነው የምለው፣ ቀለሟን ደግሞ ለጊዜው እርሱት።

የኔዋም ትናንት ሳያት የፊት ግራ እግሯ ውስጥ በኩል አንዲት ቀጭን የእርጥበት መስመር አለች፣ የፍሬን ዘይት ትሁን የአክስል ገና አላወቅኩም፣ በጣቴ ነክቼ ባሸተውም አልለየኝም። እጄ ሲሻለው አወርደዋለሁ። ግራ ነው፣ ወደ ቀኝ ነው የሚፈታው፣ ጓደኛዬ ከአሁኑ ደውሎ አስታውሶኛል።